ኪንታሮት ነው እያላችሁ ጊዜ አትስጡት

እኩዮቼ፣ የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ አባቶችና እናቶች፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ለእናንተ ነው። ከመካከላችሁ ሰገራው ላይ ደም እያየ ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር የተቀመጠ አለ። ሆዷን እየቆረጣትና ሥጋዋ እያለቀ «የሰው ዓይን ነው» ብላ የያዘችውም አለች። ዕድሜዬን በዚህ ቆላ በጤና ሥራ ስለፈጀሁ ሰው የሚደብቀውን አውቃለሁ። የማውቀውን ሳልናገር ብሞት በፈጣሪ ፊት እጠየቅበታለሁ።

ለመጻፍ ያስነሣኝ ሰሞኑን በየለቅሶ ቤቱ የምሰማው ቃል ነው። «ካንሰር እንኳ ቢሆን ዛሬ ኬሞ አለ፤ ከባሰ ጎንደር ወጥተን እንወስዳለን» ይባላል። ኬሞ መኖሩ እውነት ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው የቆላ ሰው ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ በቀር መሄጃ አልነበረውም፤ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ እናንተን የሚጠብቅ፣ በፈለጋችሁ ቀን ብትሄዱ የሚያድናችሁ አድርጋችሁ አስባችሁት ከሆነ ተታላችኋል። የትልቁ አንጀት ካንሰር መድኃኒትን ይቋቋማል። በቆየና በሰፋ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቋቋማል።

መድኃኒት ሲሸነፍ ምን እንደሚመስል ከእናንተ የበለጠ ምስክር የለም። ክሎሮኪን ውጠን በማግሥቱ ወደ ማሳችን የምንመለስበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ፍሬው ያው ፍሬ፣ ወባው ግን አልለቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 አገሪቱ ለኃይለኛው ወባ ክሎሮኪንን ትታ ወደ ፋንሲዳር ዞረች፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2004 ፋንሲዳርም አልሠራ ብሎ በኮአርተም ተተካ። ካላዛርንም አይታችኋል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ መርፌውን በየቀኑ ለሳምንታት ሲወጉ አይታችኋል። ያ የአንቲሞኒ መርፌ በህንድ ቢሃር፣ በአንዳንድ ወረዳዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ሕሙማን አልሠራ ብሎ ተትቷል። እኛ ዘንድም ኤችአይቪ ያለባቸው የካላዛር ሕሙማን ዳኑ ሲባሉ በሽታው እየተመለሰባቸው ስንቱን ቀብረናል።

ይህን ያነሣሁት ነገሩ ከአንጀት ካንሰር ጋር ሥሩ ስለሚገናኝ ነው። የወባው ተባይ ክሎሮኪንን ከሚሠራበት ቦታ አውጥቶ የሚጥልበት ፕሮቲን አለው። የካላዛሩ ተባይም አንቲሞኒን ከራሱ የሚያርቅበት ፕሮቲን አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሩዶልፍ ጁሊያኖና ቪክቶር ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ቶሮንቶ መድኃኒት አልነካው ባለ ሴል ገጽ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን አገኙ፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ተባለ። ወደ ሴሉ የገባውን መርዝ ተቀብሎ መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ነው። እንዲሠራ የሚያዘው ዘረመል ኤምዲአር-1 ይባላል። የካላዛሩ ተባይ ፕሮቲን የዚህ የሰው ፓምፕ ዘመድ ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው።

አንድ ልዩነት አለ፣ እርሱንም ልብ በሉት። ወባና ካላዛር ከውጭ የገቡ ተባዮች ናቸው፤ መድኃኒት የለመደው ተባይም ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል። ካንሰር አይጋባም። ካንሰር የገዛ ሥጋችን ነው፤ መከላከያውንም ያገኘው ከእኛው ከራሳችን ነው። የአንጀት የውስጥ ገጽ በየቀኑ የምንበላውንና የምንጠጣውን ሁሉ ስለሚቀበል መርዝ ወደ ደም እንዳያልፍ ፈጣሪ ይህን ፓምፕ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጥናት የፓምፑ ዘረመል በጤነኛው የትልቁ አንጀት፣ በኩላሊትና በጉበት ሥጋ ውስጥ በብዛት እንደሚሠራ አሳይቷል። እንግዲህ ከዚያ ገጽ ላይ የሚነሣ ካንሰር ፓምፑን ወርሶ ይነሣል። ሌላውን ካንሰር የሚያጠፉ እንደ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ያሉ መድኃኒቶች የአንጀትን ካንሰር ብዙም የማይነኩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ፓምፑ ያላቸው ሴሎች ካንሰሩ ወደ ጤነኛው ሥጋ እየገባ ባለበት ጫፍ ላይ በተገኙባቸው ሕሙማን ዘንድ በሽታው ወደ ንፍፊቶች መዝለቁ በዝቶ ታይቷል።

ታዲያ ሐኪሞቹ በምን ያክማሉ ብትሉ፣ ፓምፑ እምብዛም በማያስወጣው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያወጡት፣ ፋይቭ ኤፍ ዩ የሚባለው፣ እስከ ዛሬ የዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ነው። በደም ሥር ይሰጣል፤ በአፍ የሚዋጠው ዘመዱ ካፔሲታቢን ነው። ሴሉ ለመባዛት ዘሩን መቅዳት አለበት፤ ለመቅዳት የሚያስፈልገውን ቁሳቁስ የሚያዘጋጅለት ቲሚዲሌት ሲንቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። መድኃኒቱ ያንን ኢንዛይም ይዞ ያስረዋል። ነገር ግን ካንሰሩ ኢንዛይሙን አብዝቶ ካመረተ መድኃኒቱ ሁሉንም አስሮ አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በሽታው ከተሰራጨባቸው ሕሙማን መካከል ይህ ኢንዛይም የበዛባቸው ሰዎች ዕድሜ አጥሮ ተገኝቷል። ከፋይቭ ኤፍ ዩ ጋር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲንም የሴሉን ዘር እየሰበረ ይገድላል፤ ኢአርሲሲ-1 የሚባለው የጥገና ዘረመል የሚበረታበት ካንሰር ግን ስብራቱን እየጠገነ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ሌላ መድኃኒት የከሸፈባቸውን ሕሙማን ሲከታተል፣ ይህ ዘረመል ዝቅ ብሎ የሚሠራባቸው ከፍ ብሎ ከሚሠራባቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል።

እነዚህን መለኪያዎች ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮችም ሐኪም በየዕለቱ አያዝዛቸውም፤ ውጤታቸው ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ ነው። በዕለት ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ነው። ከአሥር የአንጀት ካንሰር ሕሙማን አራት ያህሉ ኬራስ የሚባለው ዘረመል ተለውጦባቸዋል፤ ሴቱክሲማብ የሚባለው ውድ መድኃኒት ለእነርሱ ምንም እንደማይፈይድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ስለታወቀ፣ ያ ዘረመል ሳይታይ መድኃኒቱ አይታዘዝም። ልጆቻችሁ ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል «አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ ገንዘብ እንልካለን» ቢሏችሁ በመጀመሪያ ካንሰሩ በዘረመል ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ሽጦ የማይሠራ መድኃኒት መግዛት አለ።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚተርፈው ይህ ነው፤ ካንሰሩ ይዞት የተነሣውን መከላከያ ከእናንተ ማንም መርጦ አላመጣውም፣ አይለውጠውምም። በእጃችሁ ያለው ጊዜው ብቻ ነው። የሰፋ ካንሰር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት፤ በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው መድኃኒት የማይነካቸው የመገኘታቸው ዕድል ይጨምራል። በማሽላ ማሳችሁ ላይ ቱ-ፎር-ዲ ስትረጩ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የሚሞተው አረም ይሞታል፣ ያልሞተው ያፈራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ማሳው ያንኑ ያልሞተውን ይዞ ይበቅላል። ካንሰሩ ገና አንጀቱ ውስጥ እያለ ከተገኘ ግን ነገሩ የመድኃኒት ሳይሆን የቢላዋ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ፓምፕ ቢኖረውም ባይኖረውም ከሆዳችሁ ይወጣል። በአሜሪካ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰባቸው ሰዎች ከመቶ 90 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ጉበት ወይም ሳምባ ከገባ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያ እንግዲህ መድኃኒቱ ሁሉ በሞላበት አገር ነው።

እኛ አገር ያለው ሁኔታ ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ተከፈተ። መዝገቡ እንደሚያሳየው በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በግንባር ቀደምነት ከሚሰለፉት ነው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ላይ ሆነው ነው። ከ50 ዓመት በታች ያሉትም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ልጆቻችሁም ደም አየን ሲሏችሁ «አንተ ልጅ ነህ» ብላችሁ አታሳልፉት። ጤነኛን ሰው እየጠራ አንጀቱን የሚመረምር አሠራር አገራችን ውስጥ አልተለመደም። ፈልጎ የሚያገኛችሁ የለም፤ ሄዳችሁ ነው የምትገኙት።

ቆላችን ለዚህ በሽታ መደበቂያ ሆኖለታል፤ በብርቱ የማስጠነቅቃችሁም ስለዚሁ ነው። ደም የተቀላቀለ ሰገራ ሲታይ አሜባ ነው ይባላል፤ ፋርማሲ ተገብቶ ፍላጂል ይገዛል። ለአንድ ሳምንት ደሙ ይቀንሳል፤ ካንሰር ሲደማ አንዳንድ ጊዜ ያቆማልና። ከወር በኋላ ሲመለስ ደግሞ ፍላጂል። ቢልሃርዚያ ነው የሚልም አለ። ሰውየው ሲነጣና ሲደክመው ወባው ደሙን ጨረሰው ይባላል። ሲከሳ ደግሞ ካላዛር ይሆናል ተብሎ ይመረመራል፤ ነጻ ነህ ሲባል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁሉም በሽታዎች እዚህ ስላሉ ማንም የሚጠረጥር የለም። ዕድሜው የገፋ ወንድ ያለ ምክንያት ደም አነሰው ከተባለ ግን የብረት ኪኒን ይዞ መመለስ አይበቃም፤ ደሙ በየት በኩል እንደሚፈስ መፈለግ አለበት፣ ብዙ ጊዜም የሚፈሰው በአንጀት በኩል ነው።

ከሁሉ የከፋው መደበቂያ ኪንታሮት የሚለው ስም ነው። በየከተማው «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እንነቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ነቃዩ ውስጥ አያይም፤ የሚያየው ደጁን ብቻ ነው። የሚያቃጥል ነገር ይቀባል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ከውስጥ ያለው እብጠት በዚያ ሁሉ ጊዜ ያድጋል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጤና ተቋም ሄዳችሁ ሐኪሙ በጓንት ጣቱን አስገብቶ ካልመረመራችሁ ምርመራው ጎዶሎ ነው። የፊንጢጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ በጣት ይዳሰሳል። ይህን እንደ ውርደት የምትቆጥሩ፣ ጢማችሁ ሸብቶ «እንዴት ለልጅ ሐኪም ሱሪዬን አወርዳለሁ» የምትሉ አላችሁ። በጦርነት የቆሰለ ወንድማችሁን ደሙን ስትጠርጉ ያላፈራችሁ ሰዎች በዚህ አትፈሩ። እንደ ባህላችን የማይነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ስጽፈው ይከብደኛል።

እስኪ ደግሞ የአንድ ባልንጀራችንን ነገር ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ነበር፤ ንፍፊቶቹ ላይ ስለተገኘ ኬሞ ታዘዘለት። ካፔሲታቢን በአፍ፣ ኦክሳሊፕላቲን በደም ሥር፣ በየሦስት ሳምንቱ። ጥቂት ዙር እንደወሰደ የመዳፉ ቆዳ ቀልቶ መላጥ ጀመረ። ቤቱ ስጠይቀው የሻይ ብርጭቆውን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ ሙቁ መዳፉን ያቃጥለዋል። ከፍሪጅ የወጣ ውኃ ሲነካ ደግሞ ጣቶቹን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ጥቅምት ሲመጣ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ፍሬው ማሳው ላይ እንደሚረግፍ ለእናንተ አልነግራችሁም። «ኬሞው ይደርሳል፣ ሰሊጡ ግን ይረግፋል» አለኝ፣ ወረደም። ሰሊጡ ተሰበሰበ፣ ተወቃ፣ ተሸጠ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተከፍቶ ሲመለስ ጉበቱ ላይ ታየ። በሚቀጥለው ክረምት ቀበርነው። ኬሞውን ባያቋርጥ በእርግጥ ይድን ነበር ብዬ አልምልላችሁም፤ ካንሰሩ የያዘውን መከላከያ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ነገር ግን ያልሞቱት ሴሎች እስኪባዙ የፈለጉትን ያህል ጊዜ አገኙ።

ይህ የእርሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ብዙ ሺህ ሕሙማንን የያዙ ጥናቶችን ያጣመረ ሥራ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ለመጀመር እያንዳንዱ አራት ሳምንት መዘግየት የመሞትን ዕድል በ14 በመቶ ያህል እንደሚያሳድግ አሳይቷል። አራት ሳምንት ለእኛ ምንድን ነው? የአንድ አጨዳ ጊዜ ነው፣ የአንድ ልጅ ሠርግ ዝግጅት ነው። ከመተማ ዮሐንስ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃ፣ በአይከል አድርጎ ጎንደር መድረስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰላሙ ቀን የአንድ ቀን መንገድ፣ በዚህ ዘመን ግን ማን ያውቃል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን በጦርነት ስላለች ተሻግሮ ገዳሪፍ መታከምም የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ ኬሞ የጀመረ ሰው ቢቻለው እስኪጨርስ ጎንደር ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። የደጋ ዘመድ የሚፈለገው ለዚህ ቀን ነው። እጃችሁ ሲላጥ፣ ተቅማጥ ሲበረታ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ቀኑን ይገፋል፣ መፍትሔ አለው። ሳትነግሩት ኪኒኑን ከሣጥን ማስቀመጥ ግን ለካንሰሩ ማገዝ ነው።

ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ የምትሰግዱም ስገዱ፤ እኔም ያለ ጸሎት አላድርም። ነገር ግን «ጠበል ላይ ነኝ» ብላችሁ ቀጠሮ አታሳልፉ። ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ከረጢት ይገጠምልኛል ብላችሁ ቀዶ ሕክምናውን የምትሸሹም አላችሁ። ለብዙዎች ከረጢቱ ለጊዜው ነው፤ ለዘለቄታው ቢሆንም ከረጢት ይዞ ልጁን የሚድር ሰው አለ። በሽተኛን ከደጁ የሚያባርር ሃይማኖት አላውቅም፤ ከተጠራጠራችሁ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼሁን ጠይቁ።

አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በአንጀት ካንሰር የሞተበት ሰው ለበሽታው ያለው ዕድል ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ እናንተ ስትታመሙ ምን እንደሆነ ለልጆቻችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ የተቀበረ አባት ለልጁ ማስጠንቀቂያ ሳይተው ሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሰገራ ላይ ደም፣ ሦስት ሳምንት ያለፈ የሆድ ልማድ ለውጥ፣ ከወጣ በኋላም «አልጨረስሁም» የሚል ስሜት፣ የሰገራ መቅጠን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም ክሳት ካያችሁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጣት እንዲመረምሯችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ትልቁን አንጀት ከውስጥ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ብትሄዱ የጤና መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ናሙና ከተወሰደ ውጤቱን ራሳችሁ ተከታተሉ፣ ወረቀቱን አትጣሉ። ሰሊጡን ልጆቻችሁ ያጭዱት። ዘንድሮ አጨዳው ሳይደርስ ሂዱ።